የከበደው ጣሳ

በዚያ የአይስክሬም ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ራሱ ከአፍ ሳይወጣ በረዶ ይሆናል ቢባል ያነሰ እንጂ የበዛ አይደለም። ሽበታሙ የጥራት ተቆጣጣሪ ጠዋት እዚያ ወለል ላይ ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘችው ቀማሚዋ ናት። የበሩም ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ አቃጨለባት።

«ምን አጣደፈህ?» አሉት መርማሪዋ። ያልቀመሱትን ስለማያምኑ ሰው ሁሉ እትዬ ቅምሻ ይላቸዋል፤ በዚያች ምላሳቸው ብቻ አንድ ወህኒ ቤት ሞልተዋል። «ሟቹ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር፣ ልጄ?»

«ከሦስታችንም፣ እትዬ። ሁሉን ስለሚመዝን ግራም ነበር የምንለው። እኔ የዘንባባ ዘይትና የወተት ዱቄት ስለምቀምም፣ መካኒኩ አየር ስለሚነፋ፣ ማስታወቂያ ሠሪው ደግሞ ጣሳው ላይ ‹ንጹሕ ክሬም› ብሎ ስለሚጽፍ፣ ‹ጉዳችሁን አወጣዋለሁ› ብሎን ነበር።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ነው የዋልኩት» አለ መካኒኩ።

«እኔም ትናንት ፎቶ አንሥቼ ስወጣ ግራም ደህና ነበር» አለ ማስታወቂያ ሠሪው፣ ትልቁን የካሜራ ቦርሳውን እያቀፈ። «የቆለፈችው እሷ ናት! ምን ያስጠይቃል?»

ቀማሚዋ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። በእርግጥም ወደ ውስጥ ሳታይ ነበር የቆለፈችው። «አለቀልኝ» አለች በሆዷ።

የተመታበት ነገር ግን ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። እትዬ ቅምሻ ማንኪያ አስመጡና ጣሳ እየከፈቱ መቅመስ ጀመሩ።

«እትዬ፣ እዚህ አስከሬን ባለበት?» አለ ፖሊሱ።

«እሱ አይቀማኝም።»

ስንተኛው ጣሳ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ማንኪያው ተጣመመ። እትዬ ቅምሻ ጣሳውን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ሚዛን አስቀርበው ሁሉንም ሰበሰቡ።

«የእናንተ አንድ ሊትር ጣሳ ስንት ይመዝናል?»

«አንድ ኪሎ ነዋ!» ቀደመ ማስታወቂያ ሠሪው። «ይህንን ሕፃንም ያውቀዋል።»

መካኒኩ ሳቁ አመለጠው። «ወንድሜ፣ ግማሽ ኪሎ ነው! ግማሹ እኮ እኔ የምነፋው አየር ነው።»

እትዬ ቅምሻ ከመደርደሪያ አንድ ጣሳ አንሥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ፤ ግማሽ ኪሎ። ማንኪያ ያጣመመውን አስከተሉ፤ አንድ ኪሎ።

«አይስክሬም ሲቀልጥ አየሩ ይወጣል። መልሰህ ብታስረጋው ድንጋይ ነው። ገዳዩ ቤቱ አቅልጦ፣ ሲጎድልበት ከሌላ ጣሳ ሞልቶ፣ አስረግቶ በቦርሳ አመጣው። መታበትና ከመሰሎቹ መሃል ደባለቀው። እነዚህ ሁለቱ ግን ስንት እንደሚመዝን በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቃሉ፤ ኪሎ ሙሉ ጣሳ እዚህ ትተው አይሄዱም። ይህን የሚያደርገው የጻፈውን ያመነ ሰው ብቻ ነው። እስቲ የክዳኑን ጠርዝ እዩት።»

በበረዶው ውስጥ ሁለት ሽበት ተጣብቀዋል።

የማስታወቂያ ሠሪው ቦርሳ ከእጁ ወደቀ። ካቴናው ቀማሚዋን አልፎ እሱ እጅ ላይ ቀጭ ሲል፣ እሷ የራሷን አንጓ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«አየር መሆኑን…» አለ ሚዛኑን እያየ፣ «ማንም አልነገረኝም።»

«ግራም ይነግርህ ነበር» አለች ቀማሚዋ።