የሳሙናዋ ሴት ፊት

ማኅተሙ ጠፋ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ የሳሙና ፋብሪካውን በር ሲከፍቱ ማተሚያው ባዶውን ቆሟል። በየሳሙናው ላይ የአንዲት ልጃገረድ ፊት የሚያትመው፣ መዳፍ የሚያክለው ነሐስ በቦታው የለም። ያለዚያ ፊት ሳሙናው አይሸጥም፤ ገዢው የሚመጣው ያቺን ልጅ ብሎ ነው።

ፋብሪካው የግል አይደለም። ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ንብረት ነው። ሁሉም «እናታችን» የሚሏት የድርጅቱ መሥራች የተጠራውን መርማሪ በር ላይ ተቀበለችው። በሳሙናው ላይ ያለው የእሷ የልጅነት ፊት መሆኑን ሳይጠይቃት ነገረችው።

ጥርጣሬው ዘበኛው ላይ ወደቀ። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው፤ ባለፈው ወርም ደሞዝ አነሰኝ ብሎ ተጣልቷል። መሥራቿ እስከ ቀትር ካላመነ ይታሰርልኝ አለች። ዘበኛው የአራት ልጆች አባት ነው። «ልጆቼን፣ ልጆቼን» እያለ ለመናቸው።

መርማሪው የዘበኛውን ክፍል በረበረ። ወደ ነሐስ ገዢዎች ሰው ላከ። ተፎካካሪው ፋብሪካ ጋ ደወለ። ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም።

ከዚያ ጥያቄውን ገለበጠው። ማኅተሙ ሲጠፋ የሚጎዳው ማነው? የድርጅቱ ጸሐፊ አንገቷን ደፍታ አንድ ውል አወጣችለት። ፋብሪካው ከእያንዳንዱ ሳሙና ሽያጭ ላይ ለታተመው ፊት ኪራይ ይከፍላል፤ ተቀባይዋ ድርጅቱ ሳይሆን መሥራቿ በግሏ ናት። ለሴቶቹ የሚደርሰው ከእሷ የተረፈው ነው።

«በእርስዎ ላይ የሚቀና ሰው አለ?» ሲል ጠየቃት።

«የማይቀናብኝ ማን አለ?»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ታላቅ እህቷ ታወራለት ጀመር። ሳሙናውን የምታበስለው እህቷ ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ትቀናባታለች አለች፤ በጫማዋ፣ በባሏ፣ አሁን ደግሞ በስሟ።

መርማሪው ቅናትን ያውቃታል። ታናሽ ወንድሙ ቀድሞት ቤት ሠርቷል፤ በዚያ ሰፈር ላለማለፍ ሁለት ፌርማታ ዞሮ ይሄዳል።

እህትየው ከእንፋሎቱ ለመከለል ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ በርሜሉን ታማስላለች። ትናንት ማምሻውን አፍስሳ ያደረቀቻቸው ትልልቅ የሳሙና ግግሮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። መርማሪው እየቆረጠች እንድታሳየው ለመናት። ሽቦውን እየሳበች እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ሰነጠቀችው፤ እጇ የለመደ ነው። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ግን ከዳሩ ቀጭን ብቻ ከርክማ አለፈችው።

«ይሄንንም ከመሐሉ፣ እትዬ።»

እጇ ቆመ። መርማሪው ሽቦውን ተቀብሎ ራሱ ሳበው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሽቦው ነሐስ ነክቶ አልሄድ አለ።

«አላልኩዎትም?» አለች ተከትላው የገባችው መሥራች። «ዕድሜዋን ሙሉ ቅናት ነው።»

«ቀንቻለሁ» አለች ታላቂቱ። «ዛሬም እቀናለሁ። ዘበኛውን ግን አላሳስርም ነበር፤ ቀትር ሳይሞላ ልናገር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰረቁት?»

«ለሴቶቹ ነው ሲሉኝ ፊቴን ይብሉት ብዬ ዝም አልኩ። ኪራዩን እሷ እንደምትወስድ የሰማሁት ትናንት ነው።»

ሻሿን ፈታችው። ግራ ቅንድቧ መሐል ላይ በአሮጌ ጠባሳ ለሁለት ተከፍሏል። መርማሪው ከመደርደሪያው አንድ የታተመ ሳሙና አነሣ። የልጅቷም ግራ ቅንድብ እዚያው ላይ ተከፍሏል። ስንት ዓመት ሰው ሁሉ ሲታጠብበት ማንም ልብ አላለውም፤ እሱም ራሱ ቤቱ ያው ሳሙና አለው።

«ምን ሆነው ነው?»

«አዲስ ቀሚስ ተገዛልኝ። ለእሷ አልተገዛም። ከበሩ ጋር ገፍትራ አጋጨችኝ። ቁስሉ ሲድን ያንኑ ቀሚስ ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ።»

መርማሪው ዘበኛውን ወደ ቤቱ ሂድ አለው። ከዚያ ውሉን ዘርግቶ ወደ መሥራቿ ዞረ።

«‹የራሴ ፊት› ይላል። የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

እጇ ሳታስበው ወደ ግራ ቅንድቧ ሄደ። ቅንድቧ ሙሉ ነበር።