ያለ ስም የተከተቡት

በቅሎዋ ብቻዋን በተመለሰች በማግስቱ ዓለምሸት ከሚዛን ተፈሪ ወጣች። ኮርቻው ላይ የደረቀ ደም ነበረ። በስልቻው ውስጥ የክትባት ብልቃጥ ስብርባሪና ግማሹ የተቀደደ መዝገብ ተገኘ። ሰውየው ግን የለም። ሰውየው ኃይለጊዮርጊስ ነው፤ እንደ እሷው ጤና ረዳት፣ ሽማግሌ ልኮ «እሺ» የተባለለት እጮኛዋ።

ማጅራት ገትር ከማጂ መንገድ በስተግራ ባሉት መንደሮች ወጣቱን እየጨረሰ ነበር። ኃይለጊዮርጊስም ክትባት ይዞ የሄደው ወደዚያ ነው። መዝገቡን ያሰመረችለት ራሷ ናት፤ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ። ዓለምሸት ሳትበላ ትውል ይሆናል እንጂ ሳትመዘግብ አትውልም። ሲሰናበታት «ናፍቂኝ እሺ» ቢላት፣ «ዕድሜያቸውን ሳትጽፍ እንዳትመለስ» ነበር መልሷ። ከዚያ ወዲህ ያቺ መልስ እንቅልፍ ነስታታለች።

«ሚሊሻ እስኪመደብልሽ ጠብቂ» ብለዋት ነበር። አልጠበቀችም። አዲስ መዝገብ በቦርሳዋ ከተተች፣ ክትባቱ በበረዶ የታሸገበትን ሣጥን በጀርባዋ አዘለች፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቀውን የቡና ገበሬ ማቴዎስን አስከትላ ገባችበት። በረዶው የሚቆየው ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ክትባቱና ውሃ አንድ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ዝናብ ሲወቅጣቸው ዋለ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጫማዋን ዋጠው፤ አልቅት በቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጣበቀ። በየዋንዛው ሥር ባረፉ ቁጥር እሱም እዚህ አርፎ ይሆናል እያለች መሬቱን በዓይኗ ትፈልጋለች። ናፍቆት ከሣጥኑ ይልቅ ከበዳት።

በሁለተኛው ቀን ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ጎሽ ወጣ።

«ሲስተር፣ አትሩጪ» አላት ማቴዎስ በለሆሳስ። «ከግንዱ ኋላ ቁሚ።»

ቆመች። ጎሹ አፈሩን ቆፈረ፣ አጓራ፣ ከዚያ ድንገት ተምዘግዝጎ መጣ። ቀንዱ የዛፉን ልጥ ገሽልጦ በክንዷ አጠገብ አለፈ፤ አውሬው ቁልቁል እየሰበረ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጋ ሲደርሱ የሐረጉን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። ማቴዎስ ገመድ ይዞ ዋኘና ከማዶ ዛፍ ላይ አሰረው። ዓለምሸት ሣጥኑን አናቷ ላይ ተሸክማ በአንድ እጇ ገመዱን ይዛ ገባች። ውሃው ደረቷን መታው፣ እግሯን ከድንጋዩ ነቀለው። አፏ ውሃ ሞላ። ሣጥኑን ግን አልለቀቀችም።

ከማዶ ስትወጣ አራት ሰዎች ጦር ይዘው ቆመው ነበር። ከፊት ያለው ሽበታሙ ማቴዎስን በቤንችኛ ዝም አሰኘውና ወደ እሷ ዞረ።

«ስም ጸሐፊ ነሽ?»

«ጤና ረዳት ነኝ።»

«ያ በበቅሎ የመጣውም እንዲህ ብሎን ነበር። ከዚያ ዕድሜ ጠየቀ። አምናም ዕድሜ የሚጠይቁ መጥተው ጻፉ፤ በሳምንቱ ልጆቻችንን ለውትድርና ጭነው ወሰዱ። አንድም አልተመለሰ።»

ዓለምሸት የተቀደደው መዝገብ ትዝ አላት። ከመዝገቡ ተቀድደው የጠፉት ገጾች ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉት ወንዶች የሚጻፉባቸው ነበሩ። ኃይለጊዮርጊስን ያስደበደበው በገዛ እጇ ያሰመረችው መስመር ነው።

«የእኔም ወንድም ቴፒ ላይ እንዲሁ ተጽፎ ነው የሄደው» አለች። «ሁለት ዓመቱ። ደብዳቤ የለም።»

አዲሱን መዝገብ አውጥታ ወንዙ ውስጥ ወረወረችው።

«ስም አልጽፍም፣ ዕድሜም አልጠይቅም። የተከተበ ሁሉ አንድ የቡና ፍሬ ቅል ውስጥ ይጣልልኝ። ለአለቆቼ የማሳየው እሱን ነው።»

ሽበታሙ ጦሩን መሬት ላይ ተከለ። «ታፈሰ እባላለሁ። ሰውሽን የመታሁት እኔ ነኝ። በነፍስ አለ፤ እኔው ቤት ነው የተኛው።» በእጁ ወደ ጫካው አመለከተ። «ልጄን ከጽሑፉ ላስጥለው ብዬ ጫካ ደበቅሁት። በሽታው እዚያው ወሰደብኝ።»

መንደሩ ገብተው የታፈሰ ጎጆ ደጃፍ ሲደርሱ ወደ ውስጥ መሮጥ አማራት። ሣጥኑን ስትከፍት ግን በረዶው ጥፍር አክሏል። እንባዋን ዋጥ አድርጋ መርፌዋን ቀቀለች። ታፈሰ ሰዎቹን ጠራ፤ ማቴዎስ ቅሉን ይዞ ቆመ። ከጎጆው ውስጥ የምታውቀው ሳል በተሰማ ቁጥር እጇ ይቆማል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክንድ ይሄዳል። የመጨረሻው ሰው ሲከተብ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

ያን ጊዜ ወደ ጎጆው ገባች። ኃይለጊዮርጊስ ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። የክንዱ አጥንት ተሰብሮ በቀርከሃ ታስሯል። ድምፅዋን ሲሰማ በቀረችው ዓይኑ ፈለጋት።

«ዕድሜያቸውን ጻፍሽ?» አላት።

እየሳቀች አለቀሰች። «ናፍቄህ ነበር» አለችው፤ ያን ጊዜ ያላለችውን። ቅሉን በጭኗ ላይ ገልብጣ ፍሬዎቹን አብረው ቆጠሩ። ልማዷ ሆኖ እሷ በልቧ ቆጥራ የያዘችው መቶ አርባ ነው። ፍሬው መቶ አርባ አንድ ሆነ።

ቀና ስትል ታፈሰ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። «አንዱ የልጄ ነው» አላት።

ትርፉን ፍሬ አላወጣችውም። ሁሉንም መልሳ ቅሉ ውስጥ ጨመረችና ከደነችው።