ከሰናይት የተቀዳው ፋይል

ይትባረክ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁን ሶስናን ከሕንጻው ዘበኛ ከጋሽ በዳዳ ዘንድ ትቶ፣ እንደ ልማዱ ወደ ምድር ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ወረደ።

«ቶሎ ውጣ፤ ይህች ልጅ ቆሎዬን ጨርሳ ወደ እኔ ሳትዞር» አሉት ሽማግሌው።

የሕንጻውን በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው ይትባረክ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የት እንዳለና በማን ስም እንደሚሠራ በራሱ አያውቅም፤ አጠገቡ ከተቀመጠ አጭር የቅንብር ፋይል ያነባል እንጂ። ስለዚህም በዚያ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ባለሙያ ፋይሉን ራሱ ይጽፋል፤ የሌላውን መቅዳት ነውር ነው። ይትባረክ ግን ሥራ በጀመረ ሰሞን ቸኩሎ፣ ከእርሱ በፊት የነበረችውንና አንድ ቀን ሳትሰናበት የቀረችውን የሰናይትን ፋይል እንዳለ ቀድቶ ነበር። «ውስጥ የሚቀረው = ሰናይት» የሚል መስመር አይቶ ግራ ገባው፤ ሁሉም ነገር ሲሠራለት ግን ተወው።

ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ ዝናብ መትቶት በጥላ የከረመ የሱፍ ልብስ የመሰለ ሽታ ይመጣ ነበር። የማሽኖቹን ጉርምርምታ ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጠው፣ ድምፁ በየመሀሉ እንደሚያርፍ፣ አርፎም ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንደሚስብ አስተዋለ። ማሽን ደግሞ አያርፍም።

ተነሥቶ በሩን ገፋው፤ አልተከፈተም። ስልኩን አነሣ።

«ጋሽ በዳዳ፣ በሩ እምቢ አለኝ።»

ሽማግሌው ተገርመው ጠየቁ፦ «ሰናይት? ወይ ልጄ፣ እስካሁን እዚያው ነሽ?»

«ኧረ እኔ ይትባረክ ነኝ፤ ድምፄ ጠፋዎት?»

«የምን ይትባረክ፣ ያንቺን ድምፅ አጥቼው ነው?» አሉ ሽማግሌው። ከአጠገባቸው ሶስና «አባዬ መቼ ነው የሚወጣው?» ስትል ተሰማው።

የልጁ ድምፅ አንጀቱን በላው። ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ፋይሉን ከፈተ፤ ፕሮግራሙ ክፍሉ ውስጥ ያለው እርሱ መሆኑን ይወቅ ብሎ፣ «ውስጥ የሚቀረው» ከሚለው መስመር የሰናይትን ስም አጥፍቶ የገዛ ራሱን ስም ጻፈና አስቀመጠ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። እርሱ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ የወጣ አንድ ሰው በእርጥብ ልብሱ ትከሻውን ታክኮ አለፈው፤ ይትባረክ ተንደርድሮ ሲደርስም በሩ በፊቱ ተዘጋ።

«መጣህ ይትባረክ? እጅህ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?» ሲሉ ጋሽ በዳዳ በስልኩ ውስጥ ተሰሙ፤ የሶስና የሩጫ ኮቴ ተከተለ፤ ከዚያም የይትባረክ የገዛ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ፣ «ነይ ሶስናዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አላት።