አለቦታው የተበየደው ሽቦ

ጠረጴዛው ላይ የቀረው የአቧራ ምልክት ብቻ ነው። ጌም ማጫወቻው የለም።

ያስሚን የጥገና ሱቋን ቆልፋ የዝሁር ሶላት ሰግዳ እስክትመለስ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቴሌቪዥን እየጠገነች የምታድር ልጅ፣ ከተጣሉ ዕቃዎች ያንን ማጫወቻ ለመሥራት ዓመት ፈጅቶባታል። በማግስቱ የቴክኖሎጂ ውድድር ላይ በስሟ ልታቀርበው ነበር።

«ብናገኘው በምን ትለዪዋለሽ?» አለቻት ሳጅን ቆንጅት።

«በስህተቱ። ሽቦው አጥሮብኝ የቀኙን መጫኛ በተን ሽቦ ከግራው ቦታ፣ የግራውን ከቀኙ በየድኩት።»

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጎረቤቷ ሚሊዮን ነው። ጌም እያከራየ ይኖራል፤ ርካሽ ማጫወቻ ገበያውን ያቀዘቅዝበታል። የሱቋ ትርፍ ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው።

«ቁልፉን ለማን ሰጠህ?» አለችው ቆንጅት።

«ለማንም! ለመምህር ፍፁም ብቻ። መለኪያዬን እዚያ ረስቻለሁ አሉኝ። መምህር ይከለከላል እንዴ?»

ፍፁም ያስሚንን ኤሌክትሮኒክስ ያስተማራት ሰው ነው። በሥራው ቀልድ አያውቅም፤ የተሳሳተ ሽቦ አይቶ ሳያቃና አያልፍም።

በማግስቱ የውድድሩ አዳራሽ ሙቀት አያስቆምም። ፍፁም አዲስ ነጭ ሳጥን ይዞ ቀርቧል፤ ስሙ በትልቁ ተለጥፎበታል።

«ይክፈቱልኝ» አለች ቆንጅት።

ሳያቅማማ ከፈተው። ሽቦዎቹ አዲስ፣ ንጹህ፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

«ያንቺ አይደለም እንግዲህ» አለች ቆንጅት ቅር እያላት።

ያስሚን ግን ሳቀች። «የቀኙን በተን ይጫኑት፣ ሳጅን።»

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ የጌሙ መኪና ወደ ግራ ሄደች። የግራውን ስትጫን ወደ ቀኝ።

«ትንሽ ማስተካከያ ይቀረዋል» አለ ፍፁም።

«ያስተካክሉታ! እርስዎ አይደሉ የሠሩት?»

የጌሙ ፕሮግራም የሚስተካከልበት ፋይል ግን ያስሚን አንገት ላይ በተንጠለጠለው ፍላሽ ውስጥ ነው።

«ሽቦው አለቦታው ስለሆነ ፕሮግራሙንም ቀኝና ግራውን አቀያይሬ ጻፍኩት» አለች ያስሚን። «እርስዎ ሽቦውን ብቻ አቃኑት። ሁለቱ አብረው ነው የተሠሩት፣ ጋሼ።»

ፍፁም ላቡን ጠረገ። «አዲስ ሥራ ካላቀረብኩ የደረጃ ዕድገቴ አይጸድቅም ነበር። ደግሞስ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? በሁለታችን ስም ይሁንና በሽምግልና እንጨርሰው።»

ዳኞቹም ነገሩ እንዲበርድ ፈልገው፣ መምህርሽ ነው፣ እሺ በይ አሏት።

ያስሚንን ንዴት አንገበገባት። «አስተምረውኛል፣ አመሰግናለሁ። ይህን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ሽማግሌ አልፈልግም!»

ቆንጅት ፍፁምን ይዛው ወጣች። ያስሚን መበየጃውን ሰክታ ሽቦዎቹን ወደ ቀድሞ ስህተታቸው መለሰቻቸው። የፍፁምን ስም ልጣ ጣለችና፣ በጋለው መበየጃ ነጩ ፕላስቲክ ላይ የራሷን ስም ጻፈች።

«አሁን ዳኙ» አለች።

ከዳኞቹ አንዱ የቀኙን ተጫነ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች።