ክንፍ የሌላት ዝንብ

«ሐኪም፣ አረቄዎ ውስጥ ዝንብ ገብቶ አገኘሁና አጠለልኩልዎ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ታጥቦ የተወለወለውን ጠርሙስ እያቀበሉት።

ኃይለ ጊዮርጊስ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣ። አረቄው ኩልል ብሏል፤ ዝንብ የሚባል ዘር የለበትም።

«የት ደፏቸው?»

«እሳት ውስጥ። ዝንብ ደግሞ ለማን ይቀመጣል?»

ሰውየው መደቡ ላይ ዘጭ አለ። ሞጣ ላይ ሃያ ዓመት አረቄ የሸጡ ሴት፣ ዝንብ የወደቀበትን ጠርሙስ ለእንግዳቸው ቢመልሱ ነበር የሚያፍሩት። ዝንብ እንዳይበሰብስ ተብሎ በአረቄ እንደሚዘፈቅ ማን ነግሯቸው።

«ሐኪም» የሚሉት ለአክብሮት እንጂ ኃይለ ጊዮርጊስ ቁስል የሚያሽግ የቢቸና ድሬሰር ነበር። በ1958 ዓ.ም. ግንቦት ሞጣ ድረስ በእግሩ የመጣው፣ በአባይ በረሃ ጫካ፣ በሌሊት ወፍ ገላ ላይ ደም እየመጠጠች የምትኖር ክንፍ አልባ ዝንብ ፍለጋ ነው። ዓምና ያገኛትን አንዲት የተሰባበረች ዝንብ ሥሎ፣ የእግሯን ፀጉር ሳይቀር ቆጥሮ ጽፎ፣ ነፍሳት ለሚያጠኑ አንድ የውጭ አገር ዶክተር ልኮላቸው ነበር። መልሳቸው ኪሱ ውስጥ ነው፦ «እንዲህ ያለች ዝንብ እስከ ዛሬ ማንም አልመዘገበም። ወንዱንና ሴቷን ካመጣህልኝ በስምህ እጠራታለሁ። ያለ ዝንቧ ግን ጽሑፍህ ወሬ ነው። ቢቸና እጠብቅሃለሁ፤ እሑድ ጧት ተነሥቼ አገሬ እገባለሁ።» ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ ዘመድ «ከሁለት ያጣ» የሚለው ሰው ነው። ስሙ ከዓለም መጽሐፍ ገብቶ ማየትን ከምንም በላይ ይመኝ ነበር። ወይዘሮዋ እሳት ውስጥ የደፉት በስንት ልፋት ያገኛቸውን ወንድና ሴት ነው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ነገሩን ሲያስረዳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ተነሥተው በቅሏቸውን መጫን ጀመሩ።

«ዛሬ ገና ረቡዕ ነው። ያጠፋሁትን አቀናለሁ።»

«እትዬ፣ ገደል እኮ ነው።»

«እኔ ያደግኩት እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ነው። እርስዎ ዝንብዎን ይወቁ፣ መንገዱን ለእኔ ይተዉት።»

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው የግራሩን ቅጠል እየሸለተ ወረደባቸው፤ ሁለቱም ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ተሸጎጡ። ሲያባራ ታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልል ነበር።

«ጭራዋን ይያዙ። ከለቀቁ የሚወጡት ሱዳን ነው» አሉ ወይዘሮዋ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ጠርሙሱን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ጭራዋን ጨበጠ። ውሃው አንሥቶ አፈረጠው፣ ሁለቴ ጠጣ፣ ጉልበቱ ድንጋይ ላይ ተላጠ። ማዶ ሲወጣ አንድ እግር ጫማው የለም። ወይዘሮ ይርጋነሽ እስኪያንቃቸው ሳቁ፤ እሱም ሳያስበው አብሯቸው ሳቀ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐረግ የተበተበውን ጫካ ሰንጥቀው ከዋሻው ደረሱ። ጣሪያው በሌሊት ወፍ ጠቁሯል።

«ለመሆኑ ክንፍ ከሌላት ምኗን ዝንብ ሆነች?» ሲሉ ጠየቁት።

«የሌሊት ወፍስ ላባ ሳይኖራት ወፍ እንላት የለም?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን እንደ መረብ እየወረወሩ ይይዛሉ፣ እሱ ፀጉር እየገለጠ ይለቅማል። ሴቷ ዝንብ በመጀመሪያዋ የሌሊት ወፍ ላይ ተገኘች። ወንዱን ግን አሥራ ሁለተኛዋ የሌሊት ወፍ ላይ ነው በማጉያ መነጽሩ ያየው።

«ሐኪም፣ እንዳይነቃነቁ። ከራስዎ በላይ ዘንዶ አለ።»

ቀና አለ። ከጣሪያው ስንጥቅ የተንጠለጠለ ዘንዶ ምላሱን እያወጣ፣ እጁ ላይ ያለችውን የሌሊት ወፍ ያሸታል።

«ይልቀቁለት።»

«ወንዱ ዝንብ እሷ ላይ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም እዚሁ ሊቀሩ ነው።»

ዝንቡ ፀጉር ውስጥ ሰመጠ። ኃይለ ጊዮርጊስ በሁለት ጣቱ ዳብሶ ቆንጥጦ ያዘውና የሌሊት ወፏን ወደ ላይ ለቀቃት። ዘንዶው ተወረወረ፤ እነሱም ወደ ብርሃን ሮጡ። ይያዛት አይያዛት ዞር ብሎ ያየ የለም። ዝንቡ ግን ከአረቄው ገባ።

ሲመለሱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሦስት ጠመንጃ ጠበቃቸው። አምባቸው የሚባለው የሽፍቶቹ አለቃ ጠርሙሱን ነጥቆ አሸተተው።

«አረቄ ነው።»

«ዝንብ አለበት» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

«ዝንብማ ይወጣል።»

አምባቸው ግን ጠላቱ የበዛ ሰው ስለሆነ፣ የቀዳ ሳይቀምስ አይጠጣም። ጠርሙሱን ወደ ወይዘሮዋ ዘረጋ።

«እስቲ ቅመሽው፣ እናቴ።»

«አልቀምስም።»

«ለምን?»

«ምን እንደገባበት በዓይኔ አይቻለሁ። በማርያም፣ እሱን አልቀምስም።»

አምባቸው ጠርሙሱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ሞጣ ላይ የሚያውቃት አረቄ ሻጭ የማትቀምሰው አረቄ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰበም፤ እንደ ፍም ቶሎ መለሰላቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽም ከኮርቻው ላይ የራሳቸውን ቅል ፈትተው፣ ቀምሰው፣ «የሰው መጠጥ ይኸውና» ብለው ሰጡት። ሽፍቶቹ ጠጥተው መርቀው አሳለፏቸው።

ሞጣ ላይ ተለያዩ፤ በቅሏቸውን ግን አዋሱት። ዓርብንና ቅዳሜን ሲገሠግሥ ውሎ፣ እሑድ ጧት የዶክተሩ ላንድሮቨር ተጭኖ ሊነሣ ሲል ቢቸና ደረሰ። ዶክተሩ ማይክሮስኮፓቸውን ከሣጥን አስወጥተው ረጅም ጊዜ አዩ።

«አዲስ ናት» አሉ በመጨረሻ። «በል፣ ስምህን እዚህ ጻፍልኝ።»

ብዕሩን ተቀበለ። የናፈቀው ሰዓት ይኸው ነው። ግን ወንዙን ማን አሻገረው? ዘንዶውን ማን አየለት? እጁ ራሱ መልሱን ጻፈ፦ ይርጋነሽ።

«ይህ ያንተ ስም ነው?»

«አይደለም። ሰሙ ዝንቧን ያስገኙልኝ ሴት ስም ነው። ወርቁ ዝንቧ ራሷ ናት። መብረር አትችልም፤ ካረፈችበት ገላ ላይ ረግታ ትኖራለች። ይርጋ ማለትም እሱ ነው።»

ዶክተሩ ሳቁና እንዳለ ገለበጡት። ኃይለ ጊዮርጊስ ያን ያህል ቀለል ይለኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

በቅሎዋን ሊመልስ ሲሄድ ግን መንገዱን ሙሉ ፈራ። በሰው ስም ዝንብ መጥራት በየትኛውም አገር ስድብ ነው። ደጃቸው ላይ ቆሞ ነገራቸው።

«ዝንቧ ይርጋነሽ ተባለች?»

«አዎ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮዋ የበቅሎዋን ልጓም ተቀበሉት።

«ትወልዳለች?»

«ትወልዳለች። እንደ ሌላው ዝንብ እንቁላል አትጥልም። አንድ አንድ እያለች፣ ሳታቋርጥ ትወልዳለች።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«እኔ አልወለድኩም። ስሜ ከእኔ ጋር አፈር ይገባል ብዬ ነበር» አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት። «በል ግባ፣ ልጄ። ስም አስጠሪ ያመጣልኝ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ አይውልም።»