የመረግሁት ታንክ

ይህ የሆነ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ያየሁትን ግን አልስትም። ውሸት ነው የሚል ጋሸና ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

ወሩ ጥር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ናት።

ከቤቴ በላይ፣ ከገብስ ማሳዬ ዳር፣ የድሮው ጦርነት የተወው የተቃጠለ ታንክ አለ።

ሙሉሃብት የሚባል ጺማም ሰውዬ ከላሊበላ መጣ። ጫማ የሚያካክሉ ታንኮች ከቆርቆሮ ይሠራል። ቀለማቸው ቁርጥ የድሮውን ካልሆነ እንቅልፍ የለውም።

ጧት ሙሉ ዝገቱን በምላጭ ሲፍቅ፣ ስልኩ ላይ ካለ ፎቶ ጋር ሲያስተያይ ቆየ። አረንጓዴውን ለየ። በላዩ የተዥጎረጎረው ቀይ ቡኒ ግን የየት ፋብሪካ ቀለም እንደሆነ ጠፋው።

«የኔ ፋብሪካ ነው» አልሁት፣ መዳፌን ዘርግቼ።

ነገርሁት። የዚያ ታንክ ነጂ አንድዬ ልጄ ከፋለ ነበር። አውሮፕላን መጣ ሲባል ቀይ አፈር፣ አመድና የገብስ ጭድ አቡክቼ መረግሁለት... ልጄን ከሰማይ ልደብቀው።

ታንኩ ግን ያው ነደደ። ሌሎቹ ዘለው ወጡ። ከፋለ ሲወጣ ያየ የለም። ሲሞትም ያየ የለም። ክዳኑ በእሳቱ ተጣብቆ ስንት ጎረምሳ በብረት ታግሎት እንቢ አለ። እኔም ተዝካር አላወጣሁለትም።

እናቴ ቤት ስትመርግ አስቀድማ ደጅ ቆማ ሦስቴ ትጣራ ነበር። ውስጥ ያለ ይውጣ ብላ። ሰው ባለበት አይመረግም።

ያን ቀን ቸኮልሁ። አልተጣራሁም።

ሙሉሃብት ያንኑ ጭቃ ያቡኩልኝ ብሎ ለመነኝ። ከዚያው ጉድጓድ አፈር አምጥቼ አቦካሁ። ሠርቶ ይዟት የመጣትን ትንሿን ታንክ ዘረጋልኝ።

«አይጣሩም፣ እማማ?» አለ እየሳቀ።

«ለመጫወቻ? ጺምህን እንኳ እፈር።»

መረግሁ።

እጄ ላይ ያለው ጭቃ ደረቀ። መሬት የተንጠባጠበውም ደረቀ።

ትንሿ ታንክ ላይ ያለው ግን... እርጥብ ነው።

ሙሉሃብት አነሳት። ሳቁ ጠፋ።

«እማማ...» አለ በሹክሹክታ። «ከብዳለች።»

ተቀብዬ አየሁ። ክዳኗ ላይ የእጅ አሻራ አለ። የገብስ ፍሬ አያክልም።

ጣቶቹን ቆጠርሁ። አራት።

ከፋለ ልጅ ሳለ ማጭድ ትንሿን ጣቱን ወስዶበታል።

«ይህ ክዳን ይከፈታል?»

«አይከፈትም። በይጄዋለሁ።»

መሬት አስቀመጥኋት። ተንበረከክሁ።

«ከፋለ።»

ጭቃው ተሰነጠቀ።

«ከፋለ...»

ከማሳው ዳር ብረት ሲጮህ ሰማሁ። ረጅም... ዝግ ያለ...

ሙሉሃብት አፌን በእጁ አፈነኝ።

«ሦስተኛውን አይጥሩ» አለኝ በጆሮዬ።

ትንሿን ታንክ አይደለም የሚያየው። ከኋላዬ ወዳለው ትልቁ ነው።

ዞርሁ።

ዝገቱ የለም። ታንኩ ያን ቀን እንደመረግሁት ነው... ጭቃው ትኩስ፣ የመዳፌ ፈለግ ሁሉ እንዳለ፣ ከፀሐይዋ በታች ይንጠባጠባል።

ክዳኑ ስንዝር ያህል ተነስቷል።

ጠርዙን ከውስጥ አራት ጣቶች ይዘውታል።

የሙሉሃብትን እጅ ከአፌ ላይ አወረድሁት።