ፍሬኑ ሲሞቅ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ይቆረጥ፤ ዳግመኛም ማንም አይመነኝ። እስካሁን የሚያምነኝ ካለ ማለቴ ነው።

ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ጣቷን ጆይስቲኩ ላይ አድርጋ፣ መጫን ፈርታለች። ሰፈሩ «ፍሬቻ» ይላታል፤ ስትጨነቅ አንድ ዓይኗ እንደ መኪና ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል። አሁንም እያለ ነው። ስክሪኑ ላይ «አዲሱ አፕዴት ዝግጁ ነው። አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?» የሚል ጽሑፍ ተደቅኗል።

«በኋላ በይው» አለ ክላክስ ከጎኗ።

ክላክስ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው። አንዴ ፈተና ላይ በሹክሹክታ መልስ ቢጠይቅ፣ የሚቀጥለው ክፍል ልጆች ነገሩት።

«ቅዳሜ እኮ ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር ነው» አላት። «እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጌም። አድሰሽው ከተሸነፍን በእነሱ መንገድ ማለፍ ቀረ በይ።»

«ቆይ፣ ምኑ ነው የሚለወጠው?»

«ምኑ ቀርቶ። የአክስቴ ልጅ ቤት ሞክሬዋለሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ አስፋልቱ ያንሸራትታል። የጭነት መኪና መንዳት ይቻላል፤ ግን እንደ እውነተኛው ይከብዳል። የመንገዱን ዳር ብረት ስትመቺው ደግሞ ይበጠስና ገደል ትገቢያለሽ። የኛ ዘዴ አለቀለት።»

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ጨዋታው ውስጥ እንዳሻቸው የሚዞሩበት ሰፊ አገር አለ፤ ከተማው፣ ባሕሩ፣ ተራራው። ከተራራው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይዙ ወርደው ብረቱን ሲመቱት፣ መኪናው በመጨማደድ ፈንታ እንደ ኳስ ነጥሮ ወደፊት ይወረወራል። የጨዋታው ስህተት ነው። ፍሬቻን የሰፈሩ ንግሥት ያደረጋትም ይኸው ስህተት ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ማንም ይቀድማታል።

«ፍሬኑስ ብትይ» ቀጠለ ክላክስ፣ «ቁልቁለት ላይ እየደጋገምሽ ከያዝሽው ይሞቃል። ከሞቀ በቃ፣ ብትረግጪው አይዝም። ጌም ነው ይሄ? ቅጣት ነው እንጂ።»

«ፍሬኑ ይሞቃል ነው የምትለው?»

ድምፁ የመጣው ከኋላቸው፣ ከአልጋው በኩል ነው። ሁለቱም ዞሩ።

የፍሬቻ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ላይ መኪናቸው ከተራራ ጋር ተላትሞ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጡ። የመኪናው ባለቤት «መሪ ላይ ተኝቶ ነው» ብሎ አስወራ። እሳቸው አዎም አይደለምም አላሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አያወሩም። ፍሬቻ ብረቱን እየመታች ስትነጥር ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ጩኸቱ የሚረብሻቸው ይመስላታል። ለማንም ያልነገረችው ሌላ ሐሳብም አላት፤ ምናልባት ተኝተው ይሆን?

«አዎ፣ ጋሼ» አለ ክላክስ። ድምፁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ።

«ይጨሳል?»

«ይጨሳል። ጎማው ጋ ነጭ ጭስ አለው።»

አባቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እስቲ አሳዪኝ።»

«አንዴ ከተጫነ አይመለስም» አላት ክላክስ በጆሮዋ።

ፍሬቻ ቅዳሜን አሰበች። የታችኛው ሰፈር ልጆች የሚያወጡላትን ዘፈን ሁሉ አሰበች። ከዚያ አባቷ ከአደጋው ወዲህ «አሳዪኝ» ያሉት ነገር ይኖር እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አልነበረም።

«አሁን» የሚለውን ተጫነች።

ጭኖ ሲጨርስ የምታውቀው ተራራ ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ደመናው ዝቅ ብሏል። እርጥቡ አስፋልት ላይ የመኪኖች መብራት ይንቀጠቀጣል። የድሮዎቹ መኪኖች ቀለም የተቀባ ካርቶን ይመስሉ ነበር፤ እነዚህ ግን የሚሄዱበት ጉዳይ ያላቸው ይመስላሉ። አንዱ ተሳፋሪ ለማንሳት ዳር ይይዛል፣ ሌላው ያስነጥሰው ይመስል እየተንገጫገጨ ይወጣል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና መረጠች። አባቷ መጥተው ከልጆቹ ጎን፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ገና ከላይ ሳለሽ ማርሽ ቀንሺ።»

«ፍሬኑን እይዘዋለሁ፣ አባዬ።»

ያዘችው። ለቀቀችው፤ ደግማ ያዘችው። መኪናው ከኋላው ሰው እንደሚገፋው ሆኖ ፈጠነ። ከጎማው ስር ነጭ ጭስ ብቅ አለ፤ ከዚያ ቁልፉን ብትጫን ብትጫን የሚይዝ ነገር ጠፋ። ታች ድልድዩ ጋ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ነው፣ የኋላ መብራቱ ቀይ።

«ብረቱን ምቺው» አለ ክላክስ፤ ለምዶበት።

ብረቱ ከእንግዲህ አያነጥርም፤ ከሱ ወዲያ ገደል ነው። ፊት ለፊት ሚኒባሱ አለ። የቀረው የተራራው ግድግዳ ነው። የፍሬቻ እጅ ከሐሳቧ ቀድሞ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ።

ስክሪኑ ጨለመ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ፍሬቻ ወደ ስክሪኑ አላየችም። ያየችው ከጉልበት በታች ታጥፎ የተሰፋውን የአባቷን ሱሪ ነው።

«አባዬ፣ ያን ቀን ከታች መኪና ነበረ?»

«ሙሉ ነበር» አሉ አባቷ። «አልተኛሁም፣ ልጄ።»

ክላክስ ሊሄድ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ። «ቅዳሜስ ምን ልበላቸው?»

«ይምጡ። በዚሁ እንጫወታለን።»

«እንሸነፋለን እኮ።»

«እንሸነፋ» አለች። ዓይኗ ብልጭ ድርግም አላለም።

አንዲት ነገር ግን ጨምሬያለሁ፤ መቼም ምላሴን እወደዋለሁ። «ሙሉ ነበር፣ አልተኛሁም» ያሉት አባቷ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። እሳቸው ጥያቄዋን ሰምተው አንድም ቃል አልተናገሩም። ጆይስቲኩን ከእጇ ተቀበሉና ከተራራው አናት እንደገና ጀመሩ። የማርሹ ቁልፍ የቱ እንደሆነ ስላላወቁ፣ ፍሬቻ አውራ ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ማርሽ ቀነሱ።